ከሐረና ጫካ ወደ ሳነቴ አምባ፦ ከጅማ ለሚነሱ ተጓዦች የብዙ ቀን የእግር ጉዞ ዝርዝር መመሪያ

ከጅማ ተነስተው የባሌን ተራሮች በእግር ለማቋረጥ የሚሄዱ ቡድኖች ብዙውን ጊዜ የሚሸነፉት አንድ ቦታ ላይ ነው፤ የሐረናን ጫካ አልፈው ሳነቴ አምባ ላይ በሚያድሩበት የመጀመሪያ ሌሊት። ሲመለሱ ሁሉም ብርዱን ይከሳሉ። ነገር ግን ደረቅ ልብስና ደረቅ መኝታ ያለው ሰው ያንን ብርድ ይችለዋል፤ የማይቻለው ጫካ ውስጥ በዝናብ፣ በጭጋግና በላብ የራሰ ጓዝ ተሸክሞ ወደ 4,000 ሜትር መውጣት ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል በሙሉ የሚያጠነጥነው ሦስት ነገሮች ላይ ነው፦ ምንም ቢመጣ የማይረጥብ አንድ እሽግ መያዝ፣ ጫካው ሲያልቅ ቆሞ መድረቅ፣ ሳይደርቁ አለመውጣት።

ከመጀመራችሁ በፊት ልዩነቱን በቁጥር እዩት። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ ጎባ 2,700 ሜትር ያህል፣ ሳነቴ ከ4,000 ሜትር በላይ፣ የባሌ ተራሮች ቁንጮ የሆነው ቱሉ ዲምቱ ደግሞ 4,377 ሜትር ላይ ናቸው። ሙቀት በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚቀንስ፣ ጅማ ላይ 20 ዲግሪ በሆነበት ቀን አምባው ላይ የምታገኙት 5 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ያውም በቀን። ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል።

ደረጃ 1፦ ወቅቱንና መንገዱን መወሰን

ለመጀመሪያ ጉዞ ከኅዳር እስከ ጥር ያለውን ጊዜ ምረጡ። በእነዚህ ወራት ሐረና ውስጥ ጭጋግና አልፎ አልፎ ዝናብ ቢኖርም መሬቱ ይረገጣል፣ አምባውም ቀን ቀን ጥርት ይላል። በልዋጩ ውርጩ የሚበረታው በዚሁ ወቅት ነው፤ ጠዋት ስትነሱ ድንኳኑና ሣሩ ነጭ ሆነው ብታገኙ አትደንግጡ። ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ባለው የዝናብ ጊዜ ግን ከሰዓት በኋላ በረዶ ይወርዳል፣ አንዳንዴም መሬቱን ሸፍኖ ያድራል፤ ይህን ጊዜ ልምድ ላላቸው ተዉላቸው። ቡና ለቀማ ያለባችሁ ደግሞ በኅዳርና በታኅሣሥ ልባችሁ ቤት ስለሚቀር ጥርን ያዙ።

ከጅማ በአዲስ አበባ በኩል መሄድ ይቻላል፤ ወይም በጭዳና በወላይታ ሶዶ አድርጋችሁ ሻሸመኔ ትገባላችሁ። ከሻሸመኔ በኋላ መንገዱ አንድ ነው፦ ዶዶላ፣ አዳባ፣ ዲንሾ፣ ሮቤ፣ ጎባ። የመረጣችሁት መስመር በዚያ ሳምንት ሰላማዊ መሆኑን በመስመሩ ከሚሠሩ ሾፌሮች ሳታጣሩ ትኬት አትቁረጡ።

ቡድኑ ከሦስት ሰው ባያንስ ይመረጣል። አንድ ሰው ቢጎዳ ሌላው አብሮት ይቀመጣል፣ ሦስተኛው ከመንገድ መሪው ጋር እርዳታ ፍለጋ ይሄዳል።

ደረጃ 2፦ ልብስ ከሰልባጅ መምረጥ

ለዚህ ጉዞ ውድ ዕቃ መግዛት ግዴታ አይደለም፤ የጅማ ሰልባጅ ተራ የሚበቃችሁን ይይዛል። ችግሩ ብዙ ሰው በውፍረት መግዛቱ ነው። ወፍራም የጥጥ ሹራብ፣ ጂንስ ሱሪና ጋቢ ቤት ውስጥ ቢያሞቁም ከረጠቡ በኋላ ውሃውን ይዘው ይቆያሉ፣ ይከብዳሉ፣ የሰውነትንም ሙቀት ይመጥጣሉ። ጋቢውን ቤት ተዉት፤ ይህን ስል ቅር የሚላቸው እንዳሉ አውቃለሁ። የሱፍ በርኖስ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ክብደቱን ከቻላችሁት ቢረጥብም የተወሰነ ሙቀት ይይዛል።

ከምን እንደተሠራ የሚገልጸው ጨርቅ ተቆርጦ የወጣለትን ልብስ እንዲህ ፈትኑት፦

1. ከስፌቱ ጫፍ የተረፈች አንዲት ክር በሻጩ ፈቃድ ምዘዙ።
2. ክሯን ከልብሱ አርቃችሁ በክብሪት አቃጥሏት።
3. ቀልጣ ጫፏ ላይ ጠንካራ ጥቁር ዶቃ ከሠራች ፖሊስተር ወይም መሰል ሰው ሠራሽ ክር ናት። የተቃጠለ ፀጉር ከሸተተችና ቶሎ ከጠፋች ሱፍ ናት። እንደ ወረቀት ነድዳ ልሙጥ አመድ ከሆነች ጥጥ ናት፤ ልብሱን መልሳችሁ ስቀሉት።

ለአንድ ሰው የሚያስፈልገው ሁለት የገላ ልብስ ስብስብ፣ አንድ ወፍራም ሹራብ ወይም ፍሊስ፣ አንድ ነፋስ የማያስገባ ጃኬት፣ የዝናብ ልብስ ከሱሪው ጋር፣ አራት ጥንድ የሱፍ ወይም ቅልቅል ካልሲ፣ ጆሮ የሚሸፍን ኮፍያ፣ ሁለት ጥንድ ጓንትና የፀሐይ መነጽር ነው። መነጽሩ ለጌጥ አይደለም፤ ከፍታው ላይ ፀሐይዋ ትከብዳለች፣ በረዶ የሸፈነው መሬት ብርሃኑን መልሶ ሲረጨው ደግሞ ዓይን በአንድ ቀን ሊቃጠል ይችላል።

ስለ ጃንጥላ ብዙ ስለምጠየቅ፦ ጫካው ውስጥ ነፋስ ስለሌለ ከዝናብ ልብስ በተሻለ ያገለግላል፣ አያላብምም። ሳነቴ ላይ ግን በመጀመሪያው ነፋስ ተገልብጦ አጥንቱ ይሰበራል።

ጫማውን አዲስ ሆኖ አትሂዱበት። ቁርጭምጭሚት የሚይዝ፣ ሶሉ ጥልቅ ጥርስ ያለው፣ በወፍራም ካልሲ የአውራ ጣት ነፃነት የሚተው ጫማ ፈልጉና ቢያንስ አንድ ወር ከተማ ውስጥ እየረገጣችሁ አለማምዱት። የላስቲክ ቦት ለጭቃ ጥሩ ቢሆንም ለረጅም ዳገት እግር ያቆስላል።

ደረጃ 3፦ ደረቁን እሽግ መሥራት

ከመመሪያው ሁሉ አንድ ነገር ብቻ የምትፈጽሙ ቢሆን ይህን ፈጽሙ። ደረቁ እሽግ ስሊፒንግ ባግ፣ አንድ ሙሉ የገላ ልብስ፣ ሁለት ጥንድ ካልሲ፣ ኮፍያ፣ አንድ ጥንድ ጓንትና ላይተር ይይዛል። ሻንጣው ውኃ አያስገባም ተብሎ ቢሸጥላችሁም አትመኑት፤ ውሃ በዚፑና በስፌቱ በኩል ይገባል።

1. ለእህል ማከማቻ ከሚሸጡት ባለ ድርብ ላስቲክ ጆንያዎች ሁለቱን ውስጠኛ ላስቲኮች አውጡ። ማዳበሪያ ወይም ኬሚካል የነበረበትን ከረጢት አትጠቀሙ። ተራ ፌስታል በሁለተኛው ቀን ይቀደዳል።
2. ልብሱን በመጀመሪያው ላስቲክ ውስጥ ጨምሩና በጉልበታችሁ ተጭናችሁ አየሩን አስወጡ።
3. አፉን እንደ ገመድ እስኪጠነክር ድረስ ጠምዝዙት፣ የተጠመዘዘውን አንገት በራሱ ላይ እጠፉት፣ ከአሮጌ የብስክሌት ጎማ ውስጠኛ ላስቲክ በተቆረጠ ቀጭን ጥብጣብ ደጋግማችሁ ጠምጥማችሁ እሰሩት። ሲባጎ አይሆንም፤ በቀዘቀዘ ጣት አይፈታም።
4. የታሰረውን አፍ ወደ ታች አድርጋችሁ ሁለተኛው ላስቲክ ውስጥ ጨምሩና በዚያው ዓይነት እሰሩ።
5. ፈትኑት። ከመታሰሩ በፊት ከላይ አንድ ሶፍት አድርጉበት፤ እሽጉን ትልቅ ሳፋ ውሃ ውስጥ ደፍቃችሁ 10 ደቂቃ ያዙት። አረፋ ከወጣ ቀዳዳ አለው። ውጭውን ጠርጋችሁ ስትከፍቱ ሶፍቱ ላይ የእርጥበት ነጥብ ካያችሁ ላስቲኩን ለውጡ፤ በፕላስተር ለመጠገን አትሞክሩ።

እሽጉን የሚገዛው ሕግ ጥብቅ ነው። የሚከፈተው ድንኳን ውስጥ ብቻ፣ ያውም እርጥቡ ልብስ ከወለቀና እጅ ከደረቀ በኋላ ነው። ጠዋት ደረቁ ልብስ ወልቆ ወደ እሽጉ ይመለሳል፣ ትናንት የረጠበው ልብስ ገላ ላይ ይለበሳል። ሰው ሁሉ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፤ የቀዘቀዘ እርጥብ ሸሚዝ መልበስ ያስጠላልና «ለዛሬ ብቻ» ብሎ በደረቁ ይነሳል፣ ማታ ሲደርስ ሁለቱም ረጥበው ያገኛቸዋል። እርጥቡን ልበሱትና ወዲያው ተነስታችሁ ሂዱ፤ ሩብ ሰዓት ያህል ስትራመዱ ገላችሁ ያሞቀዋል።

ደረጃ 4፦ ምግብ፣ ምድጃና ውሃ

ስንቅን በተመለከተ ከማንም አንበደርም። በሶ፣ ጭኮ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽና ሽሮ ቀላል ናቸው፣ አይበላሹም፣ ጭኮው ደግሞ ቅቤ ስላለው ለብርድ ወደር የለውም። ባቄላና ምስር አትያዙ። አምባው ላይ ውሃ የሚፈላው 87 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ጥሬው ሳይበስል ነዳጁ ያልቃል። የቀኑን ስንቅ ለየብቻ አስራችሁ ያዙ፤ አንድ የትርፍ ቀን ጨምሩበት። ቡናውን እንኳ ለጅማ ሰው መንገር አያስፈልግም፤ ቤት ተቆልቶና ተፈጭቶ ይምጣ እንጂ ጀበና አትሸከሙ።

በትንሿ ቆርቆሮ የሚሸጠው ቡቴን ጋዝ ብርድ ሲበረታ መትነኑ ይዳከማል፤ ስለዚህ አምባው ላይ ጠዋት እሳት እምቢ ሊል ይችላል። የላምባ ምድጃ ይሻላል። የጫካ እንጨት እናነዳለን ብላችሁ አትነሱ፤ ሐረና ውስጥ የወደቀ እንጨት እስከ እምብርቱ የራሰ ነው፣ የፓርኩን ዛፍ መቁረጥም ክልክል ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ከሰልም ሆነ ምድጃ ዝግ ድንኳን ውስጥ በፍጹም አታስገቡ። ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ እንቅልፍ የወሰደው ሰው ሳይነቃ ይሞታል። «ጥቂት ሙቀት ይስጠንና እናወጣዋለን» የሚል ሰው ካለ ከሰሉን ያኔውኑ ድፉት።

ውሃ ከ2,000 ሜትር በላይ ከሆናችሁ ፍል ካለ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይቆይ። ውሃ አጋር የምትጠቀሙ ከሆነ የደፈረሰውን በነጠላ አጥልላችሁ፣ ውሃው ቀዝቃዛ ከሆነ የመቆያውን ጊዜ በእጥፍ አርዝሙ። የውሃ ማጣሪያ ያላችሁ ሌሊት ስሊፒንግ ባግ ውስጥ ይዛችሁት ተኙ፤ አንዴ ውስጡ በረዶ ከጋገረ ውጭው ደህና ቢመስልም አያጣራም።

የሻንጣው ክብደት ከሰውነታችሁ ክብደት አንድ አምስተኛ አይለፍ። ለትልቁ ጓዝ የጭነት ፈረስ ይከራያል፤ ደረቁ እሽግ ግን ምንጊዜም በራሳችሁ ጀርባ ላይ ይሁን። ፈረሱ ወንዝ ውስጥ ሊተኛ፣ ባለፈረሱም ከእናንተ ተለይቶ ሊዘገይ ይችላል።

ደረጃ 5፦ በለጠ ጌራ ላይ መፈተን

ወደ ባሌ ከመሄዳችሁ በፊት የጅማ ሰው ያለውን ጥቅም ተጠቀሙበት። በቦንጋ መንገድ ሸቤን ይዛችሁ ስትሄዱ የምታገኙት የበለጠ ጌራ ደን፣ ከላይ ቀረሮው ከታች ቡናው የተደራረበበት፣ ጠብታው ዝናቡ ካቆመም በኋላ የማያባራ ጫካ ስለሆነ ለሐረና ከዚህ የተሻለ መለማመጃ የለም። የቀበሌውን አስተዳደርና የደኑን ጠባቂዎች አስፈቅዱ፣ አካባቢውን የሚያውቅ ሰው ያዙ፣ ሆን ብላችሁ ዝናብ ያለበትን ሳምንት መርጣችሁ ሁለት ሌሊት እደሩ።

በሁለተኛው ጠዋት አራት ነገር አረጋግጡ፦ ደረቁ እሽግ ደርቋል ወይ? በዝናብ ውስጥ ድንኳኑን ውስጡ ሳይረጥብ መትከል ችላችኋል ወይ? ምድጃው በእርጥብ እጅ ይለኮሳል ወይ? እግራችሁ ሳይቆስል ሙሉ ቀን ተራምዳችኋል ወይ? ለአንዱ እንኳ መልሱ «የለም» ከሆነ ስህተቱን አርማችሁ እንደገና በለጠ ጌራ ተመለሱ። በለጠ ጌራ ላይ ነገር የተበላሸበት ሰው በግማሽ ቀን ቤቱ ይገባል።

ድንኳኑን በዝናብ መትከል የሚሳናቸው አብዛኞቹ መጀመሪያ ውስጠኛውን ዘርግተው ስለሚጀምሩ ነው። በምትኩ ከድንኳኑ የተለየ ሸራ በሁለት ዛፎች መካከል በገመድ ወጥሩ፤ ከሥሩ ሆናችሁ ድንኳኑን ትከሉ፤ ሸራውን የምታነሱት የውጪው ልባስ ከለበሰ በኋላ ነው።

ደረጃ 6፦ ዲንሾና ጎባ

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና ጽሕፈት ቤት ያለው ዲንሾ፣ ከጎባ አስቀድሞ በመንገዳችሁ ላይ ስለሆነ ሳትወርዱ አትለፉት። የመግቢያ ክፍያ ፈጽሙ፣ መንገድ መሪ ያዙ፣ ስለ ፈረስ ተነጋገሩ። ፈረሱ ከየት እንደሚነሳ፣ ባለፈረሱ የራሱን ስንቅና መኝታ ይይዝ እንደሆነ፣ የመመለሻው ቀን ይከፈል እንደሆነ ተስማሙ፤ ተራራ ላይ ከሚነሱ ጠቦች ብዙዎቹ ከዚህ የሚመነጩ ናቸው። የአገሩ ሰው አፋን ኦሮሞ ተናጋሪ ስለሆነ በዚህ በኩል እናንተ አትቸገሩም።

ከዚያ በኋላ ዲንሾ ወይም ጎባ ሁለት ሌሊት እደሩ። ቀኑን እየተንሸራሸሩ ማሳለፍ ይበቃል፤ ዓላማው ሰውነት ከስስ አየር ጋር እንዲለማመድ ነው። ከጅማ ተነስቶ በማግስቱ 4,000 ሜትር ላይ መተኛት ጤነኛውንም ይጥላል።

ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ አምባውን አቋርጦ ወደ ሐረና ይወርዳል። በመኪና ስታልፉ ፎቶ ለማንሳት አምባው ላይ ረጅም ሰዓት አትቁሙ፤ ወርዳችሁ ጫካው ውስጥ ካምፓችሁን ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት ትከሉ።

ደረጃ 7፦ ሐረና ውስጥ መጓዝ

ሐረና አንበሳ ያለበት ጫካ ነው፤ ጅብና ከርከሮም አያጣም። ስለዚህ ከጨለመ በኋላ አትንቀሳቀሱ፣ ከመንገድ መሪው አትለዩ፣ ምግብ ድንኳን ውስጥ አታስቀምጡ።

ቦታ ስትመርጡ መጀመሪያ ወደ ላይ ተመልከቱ። የደረቀ ቅርንጫፍ ያንጠለጠለ ዛፍ ሥር ድንኳን አይተከልም፤ በዝናብ የከበደ ቅርንጫፍ ያለ ነፋስም ይወድቃል። ቀጥሎ ወደ ታች ተመልከቱ፤ ረባዳውንና የጎርፍ መውረጃውን ተዉ፣ ጉንዳን የሚተምበትን መስመር ሽሹ። ሳማ ያለበትን ቁጥቋጦ በባዶ እጅ አትግለጡ።

ስትራመዱ ላብ እንዳይወርዳችሁ አዝግሙ። በዝናብ ልብስ ውስጥ የሚጠራቀም ላብ ከዝናቡ እኩል ያርሳል፤ ስለዚህ ሲሞቃችሁ ሹራቡን ቀድማችሁ አውልቁ፣ ስትቆሙ ቀድማችሁ ልበሱ። በየረጅሙ እረፍት ጫማና ካልሲ አውልቁ፣ እግራችሁን ጠርጋችሁ አናፍሱ፣ ካልሲውን ጨምቁ። ጣት መካከልና ተረከዝ ላይ ጠዋት ጠዋት ቫዝሊን ቀቡ።

ቆዳው ነጥቶ ከተሸበሸበና ሲነካ ካመመ፦ የዚያን ቀን ጉዞ አሳጥሩ፣ ሌሊቱን እግሩን በደረቅ ካልሲ ብቻ አሳድሩ፣ ጠዋት ካልዳነ በፈረስ ይሂድ። ውሃ የቋጠረ ትንሽ ቁስል ካለ ሳታፈርጡ በፕላስተር ሸፍኑት።

ወንዝ ሞልቶ ካገኛችሁ፦ ከጉልበት በላይ ሆኖ የሚገፋ ውሃ አትሻገሩ። በተራራ የሚሞላ ወንዝ ዝናቡ ካቆመ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይጎድላልና ጠብቁ። የምትሻገሩ ከሆነ የሻንጣውን የወገብ ቀበቶ ፍቱ፤ ብትወድቁ ከሻንጣው ፈጥናችሁ መላቀቅ አለባችሁ።

ደረጃ 8፦ ሪራ ላይ ቆሞ መድረቅ

የሪራ መንደር ከጫካውና ከአምባው መካከል ያለች በር ናት። እዚህ ሳታድሩ አትለፉ፤ የሚቻል ከሆነ ሙሉ ቀን ዋሉባት። ፀሐይ ስትወጣ ያላችሁን ሁሉ አውጥታችሁ አስጡ፣ የድንኳኑን ውስጥ በጨርቅ ጥረጉ፣ የጫማውን ውስጠኛ ሶል አውጡ፣ ውስጡን ጋዜጣ ጠቅጥቁበትና ጋዜጣው ሲረጥብ ለውጡት።

ከዚያም አንድ ሰው ዳኛ ሆኖ የሁሉንም ጓዝ ይፈትሽ። ጉንጩን ስሊፒንግ ባጉ ላይ አድርጎ ይመርምር፤ እጅ የማይለየውን እርጥበት ጉንጭ ይለያል። ደረቁ እሽግ የረጠበበት ሰው አይወጣም። ሁለት ሰው ከሆኑ ቡድኑ በሙሉ ይቆያል። ሰማዩ ካልተከፈተ አንድ ቀን ጨምሩ፤ በሁለተኛውም ካልሆነ አምባውን በመኪና አቋርጣችሁ ጎባ ግቡ። ለዚህ ውሳኔ ድምፅ አይሰጥበትም፤ እጅ ከተቆጠረ ሁልጊዜ «እንውጣ» ያሸንፋል።

ደረጃ 9፦ ወደ አምባው መውጣት

ከ3,000 ሜትር በላይ የምትተኙበት ከፍታ በአንድ ቀን ከ500 ሜትር በላይ እንዳይጨምር ተጠንቀቁ። ከሪራ እስከ ሳነቴ ያለው ልዩነት 1,000 ሜትር ገደማ ስለሆነ በአንድ ጉዞ ወጥቶ አምባው ላይ ማደር ስህተት ነው። በቀርከሃው አልፋችሁ አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ የሚበዛበት ቀበቶ ላይ፣ 3,500 ሜትር አካባቢ፣ መንገድ መሪው ውሃ የሚያውቅበት ቦታ እደሩ። በማግስቱ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ተነሱና ከቀኑ 6 ሰዓት በፊት ካምፓችሁ ቦታ ድረሱ፤ ደመናው፣ በረዶውና መብረቁ የሚመጡት አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በኋላ ነው።

እርምጃችሁ ሳታለከልኩ መነጋገር የምትችሉበት ፍጥነት ይሁን። በየሰዓቱ ጠጡ፣ ባይርባችሁም ብሉ። ጫትና አረቄ ይቅሩ፤ ጫቱ ረሃቡንና ድካሙን ስለሚደብቅ ሰውየው መታመሙን የምታውቁት ከዘገየ በኋላ ነው፣ አረቄው ሞቀኝ እያሰኘ የሰውነትን ሙቀት ያስወጣል።

በረዶ ከያዛችሁ፦ ከጉብታ ውረዱ፣ ሻንጣውን ራሳችሁ ላይ ይዛችሁ ቁጢጥ በሉ፣ ሲያባራ በተሸፈነው ድንጋይ ላይ ሳይሆን በድንጋዮቹ መካከል እየረገጣችሁ ሂዱ። መብረቅ ካለ እርስ በርስ ተራራቁ፣ ብቻውን ከቆመ ጅብራ ወይም ከብረት ምሰሶ ራቁ።

ጭጋግ ከወረደ፦ ቁሙ። ሳነቴ ሜዳ ስለሚመስል ሰው በክብ ይዞራል። የጎባና የደሎ መና መንገድ አምባውን ስለሚሰነጥቀው በየትኛው በኩል እንደሆነ ጠዋት ጠይቃችሁ ያዙ፤ ካርታውን ስልካችሁ ላይ ያለ ኢንተርኔት እንዲከፈት አድርጋችሁ ጫኑ። ስልክና ፓወር ባንክ በብርድ ቶሎ ስለሚሞቱ ገላችሁ ላይ አሙቋቸው።

ደረጃ 10፦ አምባው ላይ ማደር

ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሌሊት ይበቃል። ቀዝቃዛ አየር ወደ ታች ስለሚፈስ ረባዳ መሬት ላይ አትትከሉ፤ ከሐይቁ ዳር ራቅ ብላችሁ፣ ነፋስ የሚከልል ድንጋይ ባለበት፣ በር ከነፋሱ ተቃራኒ ሆኖ ይተከል። የፍልፈል ጉድጓድ የበዛበትን ቦታ ተዉት፤ ቀይ ቀበሮው የሚያድነው እዚያ ነው፣ መሬቱም ከሥር ይከዳል።

ከመሬቱ የሚመጣው ብርድ ከአየሩ ይብሳል። ከስፖንጁ ሥር የተጣጠፈ ጆንያ፣ ገመድና ባዶ ሻንጣ አንጥፉ። ከመተኛታችሁ በፊት ጭኮ ብሉ፤ ውሃ አፍልታችሁ በብረት ኮዳ ሞልታችሁ ካልሲ አልብሳችሁ እግራችሁ ሥር አድርጉ። የሃይላንድ ጠርሙስ በፈላ ውሃ ይጨማደዳል፣ መኝታውንም ያርሰዋል። ጫማችሁን በፌስታል አድርጋችሁ ስሊፒንግ ባጉ ውስጥ አስገቡ፤ ውጭ ያደረ እርጥብ ጫማ ጠዋት እንደ እንጨት ጠንክሮ እግር አያስገባም። ትንፋሻችሁን ወደ ስሊፒንግ ባጉ ውስጥ አትተንፍሱ፤ የድንኳኑንም መተንፈሻ አትዝጉ። ሌሊት ሽንት ከመጣ ቶሎ ውጡ፤ ይዞ መተኛት እንቅልፍም ሙቀትም አይሰጥም።

ደረጃ 11፦ ሰው ሲታመም

ሁለቱን አደጋዎች ለይታችሁ እወቁ።

ሰውነት ሲቀዘቅዝ መጀመሪያ ይንቀጠቀጣል፤ ቀጥሎ ንግግሩ ይንተባተባል፣ እጁ ዚፕ መዝጋት ያቅተዋል፣ «ደህና ነኝ ተዉኝ» ይላል። መንቀጥቀጡ ሳይሞቅ ከቆመ ብሷል ማለት ነው። እንዲህ አድርጉ፦

1. ከነፋስ አስጠልሉት፣ ድንኳን ትከሉ።
2. እርጥቡን ሁሉ አውልቁ፣ ደረቁን እሽግ ክፈቱ፣ አልብሱት፣ ከሥሩ ወፍራም ነገር አንጥፉ።
3. የሞቀ ኮዳ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ደረቱና ብብቱ ላይ አድርጉ። እጅና እግሩን አትሹ፣ እሳት አጠገብም አታስጠጉት።
4. በደንብ ከነቃና መዋጥ ከቻለ ስኳር የበዛበት ትኩስ ሻይ ስጡት። ካልነቃ ምንም በአፉ አትስጡ፤ በዝግታ ይዛችሁ መኪና ወደሚደርስበት አውርዱት።

የከፍታ ሕመም በራስ ምታት፣ በማቅለሽለሽ፣ በድካምና በእንቅልፍ ማጣት ይጀምራል። ራስ ምታት ያለበት ሰው ከዚያ በላይ አይወጣም፤ ባለበት ይረፍ፣ ካልተሻለው ይውረድ። አካሄዱን ለመፈተን ተረከዙን ከጣቱ እያገጣጠመ ቀጥ ባለ መስመር አሥር እርምጃ አስኪዱት። ከተንገዳገደ፣ ግራ ከተጋባ፣ ወይም ተቀምጦም ትንፋሽ ካጠረውና ከሳለ፣ ሌሊትም ቢሆን ወዲያውኑ አውርዱት፤ ጠዋትን አትጠብቁ፣ ብቻውንም አትላኩት። ከሳነቴ በመኪና ወደ ጎባ መውረድ ከ1,000 ሜትር በላይ ስለሚያወርድ ዋናው ሕክምና እሱ ነው። አሴታዞላሚድ የሚባለውን መድኃኒት መያዝ የምትፈልጉ ከጅማ ሳትወጡ ሐኪም አማክሩ፤ መውረድን አይተካም።

ደረጃ 12፦ መውረድና ጓዝ መመለስ

ቱሉ ዲምቱን የምትወጡ ከሆነ በመጨረሻው ጠዋት አድርጉት፤ እስከ ጫፉ የመኪና መንገድ ስላለው መጥፋት አይኖርም፣ ነፋሱ ግን ስለሚበረታ ጃኬቱንና ጓንቱን ሳትለብሱ አትጀምሩ። ራስ ምታት ያለበት መንገዱ ዳር ከሌላ ሰው ጋር ይጠብቅ። ከዚያ በዚያው ቀን ጎባ ግቡ። ቁልቁለት ላይ ጫማውን ከቁርጭምጭሚቱ አጥብቃችሁ እሰሩ፤ ካልሆነ የአውራ ጣት ጥፍር ይጠቁራል።

ቆሻሻችሁን በሙሉ፣ ሶፍትና የባትሪ ድንጋይ ሳይቀር፣ ይዛችሁ ውረዱ። ጎባ ላይ ድንኳኑንና ስሊፒንግ ባጉን ለአንድ ሰዓት እንኳ ቢሆን አስጡት፤ በእርጥቡ ተጠቅልሎ ረጅሙን የአውቶቡስ መንገድ ከመጣ ሻጋታ ይጀምረዋል። ጅማ ስትደርሱ ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ በሚገባበት ቦታ፣ ለሁለት ቀን ሰቅላችሁ አድርቁት። ስሊፒንግ ባጉን ለቀጣዩ ጉዞ ተጨምቆ እንደታሰረ አታስቀምጡት፤ በሰፊ ጆንያ ልል አድርጋችሁ ቁም ሣጥን አናት ላይ አኑሩት። የደረቁን እሽግ ላስቲኮች እጠቡ፣ ወደ ብርሃን ዘርግታችሁ ቀዳዳ ፈልጉ፣ የተቀደደውን ያኔውኑ በአዲስ ተኩ።